አንድ ፀሐይ፣ ሦስት ሕግ፦ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የሶላር ገበያ ለምን ተለያየ?

ሚዛን

ሰላም ለዚህ ቤት። "ሶላር ያዋጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ በተነሳ ቁጥር መልሶቹ ይጋጫሉ። አንዱ ምንም ሳይከፍል እንደተገጠመለት ይናገራል፤ ሌላው ለ25 ዓመት ዕዳ ፈርሟል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ቤታቸው የቆመው ግን በተለያየ ሕግ ሥር ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ከዲሲ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል። ፀሐዩ ያው ነው፣ ፓኔሉ ያው ነው፣ መብራት የሚያከፋፍለው ፔፕኮም ያው ነው። የተለወጠው መንግሥት ለፀሐይ የቆረጠላት ዋጋ ነው። በርህን የሚያንኳኳው ምን ዓይነት ኩባንያ እንደሆነ፣ ፓኔሉስ የማን ንብረት እንደሚሆን የሚወስነው ያ ዋጋ ነው።

በቁጥር እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ባለ 400 ዋት ፓኔል 15 ብትገጥም 6 ኪሎዋት ይሆናል። በዚህ አካባቢ ጥላ የሌለበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ከተገጠመ በዓመት ወደ 7,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። በየ1,000 ኪሎዋት ሰዓቱ አንድ ሰርተፊኬት ይወለዳል፤ ኤስሬክ የሚሉት እሱ ነው። ስለዚህ በዓመት 7 ሰርተፊኬት አለህ። ይህ ሰርተፊኬት ከመብራት ሂሳብ ቅናሹ ሌላ ነው፤ ለብቻው ይሸጣል።

ገዢው ማነው? መብራት ሻጮች ከሚሸጡት ውስጥ የተወሰነው እጅ ከፀሐይ እንዲሆን በሕግ ይገደዳሉ። ሰርተፊኬቱን ካላቀረቡ ለእያንዳንዱ ለጎደለው ቅጣት ይከፍላሉ፤ የገበያው ጣሪያም ያ ቅጣት ነው። 500 ዶላር ቅጣት ያለበት ሻጭ 420 ከፍሎ ሰርተፊኬት ቢገዛ ያተርፋል፤ ቅጣቱ 55 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን 60 የሚከፍልህ የለም። በዲሲ ቅጣቱ እስከ 2023 ድረስ 500 ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 480፣ በ2025 ወደ 460 ወረደ። በሜሪላንድ በ2024 60፣ በ2025 55 ዶላር ነበር። በቨርጂኒያ የ2020ው ሕግ ለአነስተኛ ጣቢያዎች 75 ዶላር ቆርጦ በየዓመቱ 1 በመቶ እየጨመረ እንዲሄድ አድርጓል።

እንግዲህ ያንኑ 15 ፓኔል ሦስቱም ቦታ አስቀምጠው። በዲሲ አንዱ ሰርተፊኬት በ400 ቢሸጥ በዓመት 2,800 ዶላር ነው። በሜሪላንድ በ50 ቢሸጥ 350፤ በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2024 በኋላ ሥራ የጀመረን እስከ 20 ኪሎዋት ያለ ጣቢያ ሰርተፊኬት በ1.5 ስለሚያባዛ 525 ይደርሳል። በቨርጂኒያ በ35 ቢሸጥ 245 ነው።

ሰብለ_ታኮማ

በጣም ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ዲሲ ከተማ እንጂ እርሻ የላትም። ዋጋው ያን ያህል ከፍ ካለ ከሜሪላንድና ከፔንሲልቬንያ ሜዳ ላይ ሰርተፊኬት አምጥቶ ማጥለቅለቅ አይቻልም ነበር?

ሚዛን

ሰብለ፣ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። እስከ 2011 መጀመሪያ ድረስ ይቻል ነበር፤ ከውጭ የመጣው ሰርተፊኬትም የዲሲን ገበያ አርክሶት ነበር። የ2011ዱ ሕግ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2011 በኋላ ከዲሲ ውጭ ያለ ጣቢያ እንዳይመዘገብ ዘጋው፤ ወደ ዲሲ መብራት በሚያስገባ መስመር ላይ ካልሆነ በቀር። ከዚያ በፊት የተመዘገቡት ብቻ ቀሩ። ይህ አንድ አንቀጽ ነው ኢንዱስትሪውን የወለደው። ከተማዋ 68 ስኩዌር ማይል ናት፤ ግማሽ ጣሪያዋ የፌደራል ሕንፃ፣ ታሪካዊ ሰፈር ወይም የዛፍ ጥላ ይመስላል። ግዴታው ግን በየዓመቱ ያድጋል። በ2018 የጸደቀው ሕግ በ2032 መብራቱ መቶ በመቶ ታዳሽ እንዲሆን አዟል፤ የፀሐዩን ድርሻ ደግሞ የ2022ቱ ሕግ በ2041 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገው። ግዴታ እየጨመረ ጣሪያ ካልጨመረ ዋጋው ቅጣቱ አጠገብ ተጣብቆ ይቀራል።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ሜሪላንድን ይመልከት። እዚያ ሰርተፊኬት በአንድ ወቅት በመቶዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ጣሪያውም የእርሻ ሜዳውም አንድ ገበያ ውስጥ ነው፤ አቅርቦቱ ግዴታውን በለጠው፤ በ2018 ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ወረደ። በዚያ ዋጋ የሰርተፊኬት ገቢ ላይ ተማምኖ የተበደረ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አያቅትም። በ2019 ምክር ቤቱ የፀሐዩን ግዴታ ከፍ ሲያደርግ (አሁን ግቡ በ2030 14.5 በመቶ ነው) ዋጋው ተመልሶ ከ50 አለፈ። ፓኔሉ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ያወረደው የአቅርቦት ብዛት ነው፣ ያነሳው ደግሞ አንድ ድምፅ አሰጣጥ።

ዘ_አሌክሳንድሪያ

ስለ ቨርጂኒያ ልጨምር፤ እዚህ ሰርተፊኬቱ ለድጎማ ያህል እንጂ የቤት ወጪ አይሸፍንም። ያቆመን ኔት ሜትሪንግ ነው። ቀን ወደ መስመሩ የላክኸው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማታ በምትወስደው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይጣፋል፤ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 25 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ እዚህ ትክክለኛው መጠን የዓመት ፍጆታህ ነው። ያለፉትን 12 ወራት ሂሳብ ደምረህ 9,600 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ፣ በጥሩ የደቡብ ጣሪያ አንድ ኪሎዋት በዓመት 1,250 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብለህ አካፍል፤ 7.7 ኪሎዋት ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚጭንብህ ሻጭ ለራሱ ኮሚሽን ነው የሚሠራው። በዲሲ ግን ሰርተፊኬቱ በምርት ልክ ስለሚከፍል ጣሪያው የቻለውን ያህል መሙላት ያዋጣል። አንዱን ምክር ለሌላው ከተማ መገልበጥ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

የቨርጂኒያው መብራት አከፋፋይ ዶሚኒየን በ2025 ለአዳዲስ ደንበኞች ወደ መስመሩ ለሚልኩት መብራት የሚሰጠው ክሬዲት ዋጋ እንዲቀነስ ጥያቄ አቅርቧል። በቨርጂኒያ ለመግጠም የሚያስብ ሰው ከፊርማ በፊት በዚያ ቀን የሚሠራበትን ታሪፍ ያረጋግጥ።

የዋየር_ሰው

ፖሊሲው እንዳለ ሆኖ፣ በዲሲ "ጣሪያውን ሙላው" የሚባለው ምክር መጀመሪያ የሚጋጨው ምድር ቤት ካለው የብሬከር ሳጥን ጋር ነው። የድሮ ሮው ሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) አብዛኛው 100 አምፔር ነው። ደንቡ የዋናው ብሬከርና የሶላሩ ብሬከር ድምር ከባስባሩ (ሳጥኑ ውስጥ ኃይሉን ለብሬከሮቹ የሚያከፋፍለው ብረት) አቅም 120 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። 100 አምፔር ባስባር፣ 100 አምፔር ዋና ብሬከር፤ የሚቀርህ 20 አምፔር ነው። ከዚያ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ ጭነት 80 በመቶ ብቻ ስለሚፈቀድለት 16 አምፔር፤ በ240 ቮልት ሲባዛ 3,840 ዋት። 6 ኪሎዋት ፓኔል ሸጦልህ ስለ ሳጥኑ ያላነሳ ሰው ጣሪያህን ያየው በሳተላይት ፎቶ ብቻ ነው። ሳጥኑ 200 ከሆነ 40 አምፔር ይተርፋል፤ 7,680 ዋት ድረስ ይሄዳል።

ሦስት መውጫ አለው። ከዋናው ብሬከር በፊት፣ በቆጣሪውና በሳጥኑ መካከል መቀጠል፤ ይህ የራሱ ማጥፊያ ማብሪያ ያስፈልገዋል፣ ፔፕኮም መብራቱን ቆርጦ መልሶ መቀጠል አለበት። ወይም የቤቱን ጭነት አስልቶ ዋናውን ብሬከር ዝቅ ማድረግ። ወይም ሳጥኑን መቀየር፤ ይሄኛው በሺዎች ይቆጠራል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ በጽሑፍ ይግባ። የሶላሩ ብሬከር ከዋናው በተቃራኒ ጫፍ መቀመጥ አለበት፤ ጎን ለጎን አድርገው ኢንስፔክሽን የሚወድቁ አሉ።

ጣሪያ ላይ ደግሞ፦ ከፓኔሎቹ ዙሪያ አንድ ጫማ ወጣ ብሎ ያለው ሽቦ ማጥፊያው በተነካ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ30 ቮልት በታች መውረድ አለበት፤ ለእሳት አደጋ ሰዎች ሕይወት ነው። የጠፍጣፋ ጣሪያው ልባስ ስምንት ዓመት ብቻ የቀረው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይር፤ 15 ፓኔል አውርዶ መልሶ መስቀል ለብቻው ትልቅ ወጪ ነው። በኮንክሪት ብሎክ ክብደት የሚቀመጠው ዓይነት የእንጨቱን አቅም ይፈትናል፤ የመዋቅር መሐንዲስ ፊርማ ሳይኖር ማንም ብሎክ እንዳይጭንባችሁ።

ሰብለ_ታኮማ

የዋየር ሰው፣ እግዜር ይስጥህ፤ የሳጥኑን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሚዛን፣ አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። "በነጻ እንገጥማለን" የሚሉት እንዴት ያተርፋሉ?

ሚዛን

ሰርተፊኬቱን ይወስዱታላ። በዓመት 2,800 ዶላር የሚያስገባ ወረቀት የነሱ ሆነ፤ አንቺ ደግሞ የመብራት ቅናሹን አገኘሽ። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ለሌለው ቤት ደህና መንገድ ነው። ውሉ ላይ ግን አራት ነገር ፈልጊ። መብራቱን በየኪሎዋት ሰዓቱ የሚሸጡልሽ ከሆነ ዋጋው በየዓመቱ ስንት ያድጋል? 12 ሳንቲም ብሎ ጀምሮ በየዓመቱ 2.9 በመቶ ቢያድግ 20ኛው ዓመት ላይ 20.7 ሳንቲም ነው። ጣሪያው ሲታደስ ፓኔሉን አውርዶ የሚሰቅለው ማነው? ቤቱን ስትሸጪ ገዢው ውሉን ባይቀበል ምን ይሆናል? በንብረቱ መዝገብ ላይስ የባለቤትነት ማስታወቂያ ያስመዘግባሉ? ይህኛው ቤቱን ሪፋይናንስ ሲያደርጉ ነው ብቅ የሚለው፤ ባንኩ ማስታወቂያው ከመዝገቡ ሳይነሳ ብድሩን አልጨርስም ይላል።

በሜሪላንድ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ርካሽ ስለሆነ ያንን "ነጻ" ማቅረብ ያስቸግራል። እዚያ ያደገው በር ለበር የሚሸጥና በብድር የሚያስይዝ ኩባንያ ነው። ወለዱ "3.99 ብቻ" ሲባል ልዩነቱ ዋጋው ውስጥ ተደብቋል፤ አበዳሪው ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ከሻጩ ይወስዳል፣ ሻጩም ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ "በጥሬ ብከፍል ስንት ነው?" ብለሽ ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ጠይቂ። 18,000 እና 24,000 ተጽፎ ካየሽ ያ 6,000 የወለዱ ሌላ ስም ነው።

ሂሳብ_አዋቂ

የፌደራሉን ልጨምር፤ ሰዎቻችን በብዛት የተጎዱት እዚያ ላይ ነው። ለቤት ባለቤት የነበረው 30 በመቶ ታክስ ክሬዲት ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ምክንያት በዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል። ዛሬ ለቤታችሁ ገዝታችሁ ስትገጥሙ የሚገኝ የፌደራል ክሬዲት የለም። አሁንም "30 በመቶ ይመለስልሃል" የሚል ሻጭ ቢመጣ በሩን ዝጉበት።

በጊዜው የገጠሙትም ቢሆኑ ክሬዲቱ የሚጣፋው ከፌደራል ገቢ ግብር ዕዳ ላይ ብቻ ነው፤ ተመላሽ ገንዘብ አይደለም። የታክሲና የኡበር ሹፌር ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ግብር ነው፤ ክሬዲቱ እሱን አይነካውም። ማይሉንና ወጪውን ቀንሶ የገቢ ግብሩ 1,200 ዶላር የሆነ ሰው የ7,000 ዶላር ክሬዲት ቢኖረው በዚያ ዓመት የሚጠቀመው 1,200ውን ነው፤ ቀሪው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በ2025 የገጠመ ሰው ቅጽ 5695 ላይ የተሻገረውን መጠን በየዓመቱ እየተከተለ ያስመዝግብ፤ አዘጋጅ ሲቀየር የሚጠፋው ያ ቁጥር ነው።

ኩባንያ ግን ፓኔሉን ራሱ ይዞ ሲያከራይ ሌላ አንቀጽ ስለሚመለከተው ክሬዲቱ ገና አለው፦ ግንባታው እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ከተጀመረ፣ ወይም እስከ 2027 መጨረሻ ሥራ ከጀመረ። ስለዚህ በ2026 በሦስቱም ቦታ የኪራይ ውል ሲበዛ ብታዩ አትደነቁ፤ ሕጉ ገዢውን ቀጥቶ አከራዩን አቆይቶታል።

ጋሽ_ተ

ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በዲሲ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ላሉ ሰዎች አንድ ነገር ብታብራሩ። ቤተ ክርስቲያን ግብር አይከፍልም፤ እንዲህ ከሆነ ክሬዲት የሚባለው ለእኛ ምን ይሠራል? ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ 100 ኪሎዋት ይይዛል ተብሏል።

ሂሳብ_አዋቂ

ጋሼ፣ ለእናንተማ መንገዱ ገና ክፍት ነው፤ ግን ቀኑ እየሮጠ ነው። ግብር የማይከፍል ድርጅት ከ2022ቱ የፌደራል ሕግ ወዲህ ክሬዲቱን በጥሬ ገንዘብ ከግብር መሥሪያ ቤቱ መቀበል ይችላል። ሥራው 280,000 ዶላር ቢያወጣ 30 በመቶው 84,000 ነው።

ቅድም ያልኩት የጁላይ 4 ቀን 2026 ገደብ እናንተንም ይመለከታል። ለትልልቅ ጣቢያዎች "ጀምረናል" ለማለት በአካል የተጀመረ የግንባታ ሥራ ይጠየቃል፤ እስከ 1.5 ሜጋዋት ላለው ግን ከጠቅላላ ወጪው 5 በመቶ ማውጣት በቂ ነው። ከ280,000 ላይ 14,000 ማለት ነው። ልክ 14,000 አትክፈሉ፤ ሥራው መጨረሻ ላይ 300,000 ቢደርስ 5 በመቶው 15,000 ይሆናል፣ ያወጣችሁት አይበቃም፣ መጀመራችሁ ይፈርሳል። 7 ወይም 8 በመቶ አድርጉት። ቀብድ ብቻም አይበቃም፤ ዕቃው እጃችሁ መግባት ወይም ከክፍያው በኋላ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ መድረስ አለበት። ደረሰኝ፣ የማስረከቢያ ወረቀት፣ የፓኔሉ መለያ ቁጥር አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ሌላው አዲስ ነገር፦ በ2026 የሚጀመር ሥራ ከዕቃ ወጪው ቢያንስ 40 በመቶው ከተከለከሉ የውጭ ድርጅቶች ያልመጣ መሆን አለበት፤ በተግባር የቻይና አቅርቦት ላይ ያነጣጠረ ነው። የፓኔሉን፣ የኢንቨርተሩን (የፓኔሉን ኃይል ሕንፃው ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) እና የማቆሚያ ብረቱን አምራች የጽሑፍ ማረጋገጫ ከውል በፊት ጠይቁ። ከሥራው በኋላ የሚሰጣችሁ የለም።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ ጋሼ። ሥራው ሲያልቅ በግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መመዝገቢያ ቁጥር ታወጣላችሁ፤ የግብር ቅጹ ከሚገባበት ቀን 120 ቀን ቀደም ብሎ ማመልከት ይመከራል። ከዚያ ቅጽ 990-ቲ ከ3468 እና ከ3800 ጋር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ይህን ዓይነት ቅጽ ስለማታስገባ ብዙ ኮሚቴ እዚህ ላይ ይዘነጋል፤ ቅጹ ካልገባ 84,000ው የለም። እስኪመጣ ድረስ የሚሸፍን የድልድይ ብድር አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሚዛን

ጋሼ፣ 100 ኪሎዋቱ በዓመት ወደ 117 ሰርተፊኬት ይሰጥዎታል። በ400 ቢሸጥ 46,800 ዶላር ነው፤ ግን የ15 ዓመት በጀት በ400 እንዳትሠሩ። የቅጣቱ ሰሌዳ ወደ ታች ነው የሚሄደው። በ200 ደግሞ አስሉት፤ በ200 ብድሩን ከቻለ ግቡ፣ ካልቻለ ለአምስት ዓመት ያህል በቋሚ ዋጋ የሚገዛ ገዢ ፈልጉና አስሉት።

ዘ_አሌክሳንድሪያ

አንድ ነገር ግን ልክ አልመሰለኝም። ያ 400 ዶላር ከሰማይ አይወርድም። 1 በመቶ ግዴታ በ400 ዶላር ሲባዛ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 0.4 ሳንቲም ይጨምራል። ግዴታው 5 በመቶ ሲሆን 2 ሳንቲም ነው፤ በወር 700 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም አፓርታማ 14 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። የሚከፍለው ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚከራየው ቤተሰብ፣ የሚቀበለው ጣሪያ ያለው ሰው። ይህ ፍትሕ ነው?

ሚዛን

ስሌትህ ትክክል ነው፤ ነገሩም ሊነሳ ይገባዋል። ሕጉ የሰጠው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ቅጣት ሆኖ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ታዳሽ ኃይል ፈንድ ይገባል፤ ከዚያ ፈንድ ነው በ2016 የተቋቋመው ሶላር ፎር ኦል የሚደጎመው። ግቡ በ2032 100,000 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ሂሳብ በግማሽ መቀነስ ነው። ተከራይም ይገባል፤ ፓኔሉ ሌላ ሕንፃ ላይ ሆኖ ቅናሹ በፔፕኮ ሂሳብ ላይ ይወርዳል። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ሂሳቡም በራስ ስም የሚመጣ መሆን አለበት። ኪራዩ መብራትን ጠቅልሎ የሚከፈልበት ቤት ያለ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ይሄ ጉድለት ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩት ወገኖቻችን ናቸው።

ግማሽ መልስ ያልኩት ፈንዱ የሚሞላው ገበያው ሲጎድል ስለሆነ ነው። ጣሪያው ሁሉ ተሸፍኖ ግዴታው የተሟላ ዕለት ቅጣት የሚከፍል የለም፣ ፈንዱም ይደርቃል። ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ የፌደራል ፕሮግራም ነበር፤ በኦገስት 2025 የተሰረዘው እሱ ነው። የዲሲው በከተማው ሕግ የቆመ ነውና "ተዘግቷል" ብላችሁ ሳታመለክቱ እንዳትቀሩ።

ሰብለ_ታኮማ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ራሴ ገዝቼ በዲሲ ብገጥም ሰርተፊኬቱን ለማግኘት ቅደም ተከተሉ ምንድነው?

የዋየር_ሰው

ፈቃድ ከሕንፃ መምሪያው፣ ከዚያ ገጠማ፣ ኢንስፔክሽን፣ ከዚያ ፔፕኮ "ማብራት ትችላላችሁ" የሚል ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ሳይመጣ አታብሪ፤ ቆጣሪው ወደ ውጭ የሚወጣውን እንደ ፍጆታ ሊቆጥረው ይችላል። ደብዳቤው እንደመጣ በዚያው ሳምንት ለዲሲ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን የብቃት ማመልከቻ ይግባ፤ ሲጸድቅ ፒጄኤም ጋትስ የሚባለው መዝገብ ላይ አካውንት ይከፈታል። ሰርተፊኬቱ የሚወለደው እዚያ ነው፣ በየወሩ የምርት ቁጥር እየገባ።

የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ማመልከቻው ላይ የተጻፈው መጠንና ጣሪያው ላይ ያለው አይገጥምም። ገጣሚው በመጨረሻ ሰዓት 15ቱን ፓኔል 14 አድርጎታል፣ ወረቀቱ ግን 6.0 ይላል፤ ትክክሉ 5.6 ነው፣ ማመልከቻው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ኢንቨርተሩ ከቤቱ ዋይፋይ ይቆረጣል። ኢንተርኔት ሲቀየር አዲሱን የይለፍ ቃል ኢንቨርተሩ ላይ ማስገባት ይረሳና አምስት ወር ቁጥር ሳይላክ ያልፋል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ የሚያሳየው ላይ ብቻ አትደገፊ፤ ለክፍያ የሚያገለግል ደረጃ ያለው የራሱ ቆጣሪ ይገጠምለት፣ ስህተቱ ከግማሽ በመቶ የማይበልጠውን ዓይነት። መስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር በየወሩ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሺው። መስመሩ ቢቋረጥም ድምሩ ቆጣሪው ላይ አለ፤ ከፎቶው ላይ ይሞላል።